ዝም የማይል ወገብ

ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ። በገበያ ቀን ማለዳ በቆሎ የጫነ አይሱዙ እህል ተራ ደርሶ ይቆማል። ጫኝና አውራጆቹ ወገባቸውን በአሮጌ ጨርቅ ጠምጥመው ሸብ ያደርጋሉ። ሁለቱ መኪናው ላይ ወጥተው ማዳበሪያውን ወደ ጠርዙ ይገፋሉ፤ ታች ያለው ጀርባውን ሰጥቶ "አሸክሙኝ!" ይላል። ኩንታሉ ትከሻው ላይ ያርፋል። በዱብ ዱብ እርምጃ ወደ መጋዘኑ ይገባል።

ይኸው ሰው ወገቡን ከታመመ ቆይቷል። መቶ ኪሎ ተሸክሞ የሚሮጠው ሰው፣ መሬት ላይ የወደቀ ሞባይሉን ለማንሳት ጭኑን በእጁ ደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚወርደው። ጓደኞቹ ይስቁበታል። መሳቃቸው ግን ያለ ቦታው ነው።

ትከሻ ላይ ያረፈ ሸክም ለአከርካሪው ቅርብ ነው። ጎንበስ ብሎ ከፊት የሚነሳው ግን ሩቅ ነው። የወገብ ጡንቻዎች አከርካሪውን የሚጎትቱት ከመገጣጠሚያው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀው ነው። ሸክሙ 50 ሴንቲ ሜትር ከራቀ እያንዳንዱ ኪሎ ጡንቻው ላይ እንደ አሥር ኪሎ ይከብዳል። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በዚህ ስሌት 200 ኪሎ ሆኖ ያርፍበታል፤ ያጎነበሰው የራሱ ደረትና ጭንቅላት ሳይቆጠር።

ኩንታሉም ቢሆን ቀላል ነው ማለት አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ የወሰነው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። አሜሪካውያን የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ደግሞ ሁሉም ነገር ተመቻችቶም ቢሆን ከ23 ኪሎ አያልፉም። የሐዋሳ እህል ተራ ይህን የሰማ አይመስልም።

ወደ ሞባይሉ እንመለስ። ልብን በኤሌክትሮድ እንደሚያዳምጡት ጡንቻንም ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፎ ማዳመጥ ይቻላል። ፍሎይድና ሲልቨር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጤነኛ ሰዎችን ቀስ ብለው እንዲያጎነብሱ አደረጉ። ሰውዬው መውረድ ሲጀምር የጀርባው ጡንቻ ይጮኻል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ጸጥ! ሸክሙን ጅማቶች ይረከቡታል፤ ጡንቻው ያርፋል። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ቢፈጠር ቴክኒሻኑ ከወንበሩ ብድግ ባለ ነበር፤ ለወገብ ግን የደኅንነት ምልክት ነው። ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ እጅ የሚነሳ ጤነኛ ምእመን በአከርካሪው ግራና ቀኝ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ ገመድ መስሎ የተወጠረው ሥጋ ታች ሲደርስ ሲላላ ያገኘዋል።

ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይህ ጸጥታ አይመጣም። ጡንቻው እስከ ታች ድረስ ተወጥሮ ይቀራል። ዕቃ ሲያነሱም ከጤነኛው ይልቅ ቀስ ይላሉ፣ ወገባቸውን እንደ እንጨት ያደርቃሉ። ሌባ የገባበት ግቢ ዘበኛ እንደዚሁ ነው፤ ሌባው ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ እሱ ግን ዱላውን እንደጨበጠ ሌሊቱን ያነጋል። ጉዳቱ ትኩስ ሳለ ጥበቃው ጠቅሟል። ሲቆይ ግን ራሱ ድካም ይሆናል፣ ድካሙም ሕመም ይጨምራል።

"ወገብህን ቀጥ አድርገህ አንሳ" የሚለው ምክር እዚህ ላይ ትንሽ ያጠራጥራል። ቀድሞውንም ደርቆ ላስቸገረ ወገብ ተጨማሪ ድርቀት ማዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የጥናቶች ግምገማም፣ ሸክም ሲያነሱ ወገብን ማጉበጥ ሕመም እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የተመረመረው ግን ቀላል ሸክም እንጂ ኩንታል አልነበረም።

የጠፋው ጸጥታ ይመለሳል? እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የቴክሳስ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥር የሰደደ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች በተከታታይ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ከሠለጠኑ በኋላ የአብዛኞቹ ጡንቻ ማረፍን መልሶ ተምሯል። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በተሸከመው ኩንታል ልክ ለሚከፈለው ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሕክምና አንድ ቀን ያለ ገቢ ነው። ስለዚህ ማታ ወጌሻ ዘንድ ይታሻል፣ ጠዋት ጨርቁን መልሶ ያስራል።

አመሻሽ ላይ መኪናው ባዶ ሲሆን ጓደኛው ከጀሪካን ውሃ ያፈስለታል። ሌሎቹ እጥፍ ብለው ይታጠባሉ። እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ በእፍኙ ይቀበላል፤ ውሃው ፊቱን አጥቦ በደረቱ ይወርዳል፣ ጨርቁንም ያርሰዋል።