የግራንትቼስተር ስምና የጥንት አጻጻፉ



በእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በወንዝ ዳር፣ ግራንትቼስተር የምትባል መንደር ትገኛለች። በዚያ አገር «ቼስተር» የሚል ድምፅ ያለበት የቦታ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሮማውያን ምሽግ ወይም ከተማ የነበረበትን ሥፍራ ያመለክታል፤ ማንቼስተርና ዊንቼስተር ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ስለሆነም የመንደሪቱን ስም በዛሬው አጻጻፉ ብቻ የሚመረምር ሰው «በግራንታ ወንዝ ዳር ያለ ምሽግ» ብሎ ቢፈታው አይፈረድበትም።

የጥንቱ መዝገብ ግን ሌላ ይናገራል። ቀዳማዊ ዊልያም ባስጻፈውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1086 በተጠናቀረው «ዱምዝዴይ» በተባለው የመሬት መዝገብ መንደሪቱ «ግራንተሴተ» ተብላ ትገኛለች። «ሴተ» በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ነዋሪዎች» ማለት ነው፤ ሶመርሴትና ዶርሴት የተባሉት አውራጃዎችም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ የስሙ ፍች «የግራንታ ዳር ነዋሪዎች» ይሆናል። ዘመን ሲያልፍ የቃሉ ትርጉም ተረሳ፤ ሕዝቡም የማያውቀውን «ሴተ» በሚያውቀው «ቼስተር» ለወጠው።

ይህ ለውጥ የታሪክ አንባቢዎችንም አሳስቷል። ቤዳ በ731 በፈጸመው የእንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የኤሊ ገዳም ወንድሞች ለቅድስት ኤቴልድሬዳ አፅም ማሳረፊያ ድንጋይ ፍለጋ ወጥተው፣ «ግራንታቼስቲር» በምትባል ባድማ ከተማ ቅጥር አጠገብ ያማረ የነጭ እብነ በረድ ሣጥን እንዳገኙ ይተርካል። ስሙ ከዛሬይቱ መንደር ስም ጋር ስለሚመሳሰል ታሪኩ ለመንደሪቱ ሲሰጥ ኖሯል። ዳሩ ግን ባድማይቱ ከተማ ዛሬ ካምብሪጅ ባለችበት የነበረችው የሮማውያን ከተማ ናት።

ካምብሪጅም ብትሆን በስሟ ላይ ለውጥ ደርሶባታል። በ875 «ግራንተብሪጅ» ማለትም «የግራንታ ድልድይ» ትባል ነበር፤ በኋላ የመጀመሪያው ድምፅ ተለውጦ «ካንተብሪጅ»፣ ቀጥሎም ካምብሪጅ ሆነች። ካም የሚለው የወንዙ ስም ደግሞ ከከተማይቱ ስም ተመልሶ የወጣ ነው። ስለዚህ ከተማይቱ የጣለችውን የጥንቱን የወንዝ ስም መንደሪቱ ጠብቃ ይዛዋለች።

በ1923 የተቋቋመው የእንግሊዝ የቦታ ስሞች ማኅበር አንድን ስም ከመፍታቱ አስቀድሞ ልዩ ልዩ አጻጻፎቹን ከነዘመናቸው በቅደም ተከተል የሚሰበስበው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬው አጻጻፍ የመጨረሻው ምስክር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጀመሪያው ሳይጠየቅ የተሰጠ ፍርድ መንደርን ምሽግ ያደርጋል፣ የአንዱንም ታሪክ ለሌላው ያወርሳል።