የወጪ መጋራት ውል፦ ዕዳ ነው፣ ወለድ ግን የለበትም
(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በተነገረ ቁጥር በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ባሉ ቤቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጆቻችን ግቢ ሲገቡ የሚፈርሙት የወጪ መጋራት ውል በዲናችን እንዴት ይታያል? አንዳንድ አባት «ወለድ ነው አሉ» የሚል ወሬ ሰምቶ፣ በተለይ ሴት ልጁን፣ ነጥብ መጥቶላት ሳለ ቤት ሊያስቀራት ይዳዳዋል። አንዳንዱ ወጣት ደግሞ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። የመጀመሪያው ሐላሉን ሐራም እያደረገ ነው። ሁለተኛው ዕዳን እንደ ስጦታ ቆጥሮታል።

መጀመሪያ ውሉ ምን እንደሆነ እንወቅ። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ሥራ ላይ የዋለው በ1996 የትምህርት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ተምሮ፣ በልቶና አድሮ ያለ ክፍያ ይመረቅ ነበር። በኋላም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 154/2000 ወጣ። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ነገር ግን አሁን አይከፍልም። ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ከወር ደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይገባል። ለመምህርነት የሠለጠነ ሰው በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍል የሚያስችል መንገድም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በዚህ ውል ላይ ወለድ የለም። በየዓመቱ ቅጹ ላይ የተጻፈው ብር ተደምሮ የሚመጣው ዕዳ ነው የሚከፈለው፤ ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚወልድ ገንዘብ የለውም። ሪባ ማለት አበዳሪው በብድሩ ላይ አስቀድሞ የሚያስረው ጭማሪ ነው። ጭማሪው ከሌለ ግን በእጃችን ያለው ተራ ዕዳ፣ ዑለማዎች ደይን የሚሉት ነው። አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው የሚደረግ ቅናሽም አለ። ዕዳን በቶሎ ለመክፈል ሲባል ስለሚቀነስ ገንዘብ በፊቅህ ሊቃውንት መካከል የቆየ ልዩነት ስላለ፣ በዚያ መንገድ መክፈል የሚፈልግ ሰው ለሚያምነው ዓሊም ያቅርበው።

ታዲያ «ወለድ ነው» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ወጣቶቻችን በስልካቸው የውጭ አገር ዱዓቶችን ትምህርት ያዳምጣሉ። ማዳመጣቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከለንደን የሚናገር ሸይኽ «የተማሪ ብድር ሐራም ነው» ሲል የሚናገረው ስለ እንግሊዝ ብድር ነው። እዚያ ተማሪው ገና ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ወለድ መቆጠር ይጀምራል። የብሪታንያ መንግሥት በሸሪዓ የተፈቀደ አማራጭ ለማዘጋጀት ሐሳብ ካቀረበ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግም መንገዱን ከፍቶለት ነበር፤ ሙስሊም ተማሪዎች ግን አማራጩን በመጠበቅ ብዙ ዓመት አሳልፈዋል። በአሜሪካም የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ድጋፍ በአንድ ማመልከቻ ቢጠየቅም የተለያየ ዓይነት ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ የማይመለስ እርዳታ፣ ሌላው ወለድ ያለበት ብድር ነው። ዘመድ ወስዷቸው እዚያ የሚማሩ ልጆቻችን ሁለቱን ለይተው ይፈርሙ። የእነርሱን አገር ፈትዋ ወስዶ አጣዬ ላይ ማዋል ግን፣ የሌላ ሰው መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

እንግዲህ ወለድ የለበትም ካልን በኋላ ቀለል አድርገን እንዳናየው። ዕዳ በእስልምና ከባድ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ እስከ ጊዜው ድረስ መጻፉ እንዳይሰለቸን ያዘናል፤ ቃሉን የሚያስጽፈውም ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ እንዲሆን ያደርጋል። ተማሪው ቅጹን በእጁ ሞልቶ መፈረሙ ከዚህ አይርቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዲናር ዕዳ ትቶ በሞተ ሰው ላይ ለመስገድ ዘግይተው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ሲወስዱ ብቻ እንደሰገዱበት በቡኻሪ ተዘግቧል። አበዳሪው መንግሥት ስለሆነ ዕዳው አይቀልም። እንዲያውም ገንዘቡ የሕዝብ ነውና ባለመብቱ ይበዛል። ይቅርታ ለመጠየቅ ብንፈልግ የትኛውን ገበሬ በር እናንኳኳለን?

በአካባቢያችን የዒልም ፈላጊ እንጀራ ከየት ይመጣ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ከይፋት ወደ ወሎ ለቂርአት የሚወጣ ደረሳ የሚኖረው የመንደሩ ሰው በሚያዋጣው ማሽላና ጤፍ ነበር። ያን እንጀራ የበላ ሰው ወረቀት አልፈረመም፤ ግን ተምሮ ሲመለስ ልጆች እያስቀራ አደራውን ይወጣ ነበር። የዛሬው ተማሪ ወረቀት ስለፈረመ አደራው ቀረ ማለት አይደለም።

ዕዳው ደግሞ እያደገ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቀ ታላቅ ወንድም «እኔ እኮ የከፈልኩት ይህን ያህል ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ለታናሹ ግን አይሠራም። በየዓመቱ ቅጹ ላይ የሚሰፍረውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። ካፌ የምትመገቡና በጥሬ ገንዘብ ተቀብላችሁ ውጭ የምትመገቡ፣ ኖን ካፌ የምትባሉት ማለት ነው፣ በትክክል መመዝገባችሁን አረጋግጡ። በእጅ የተሰጣችሁም ገንዘብ ዕዳ ነው፤ የኪስ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ያልተቀበላችሁት አገልግሎት ተሞልቶ ካገኛችሁም ዝም አትበሉ፤ መብትን መጠየቅ ከዲን ነው።

የውሉን ቅጂ ያዙ፣ አንዱንም ለቤተሰብ ስጡ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2013 አጣዬ በተቃጠለችበት ጊዜ የብዙ ሰው ቤት ከነሰነዱ አመድ ሆኗል። ወረቀት ቢቃጠል ዕዳ አይቃጠልም፤ ዋናው መዝገብ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ አለ። ቤተሰብ ማወቁ ደግሞ ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ ሞት ቀጠሮ የለውም፣ ወራሾች ውርስ ከመካፈላቸው በፊት ዕዳ መኖሩን ሊያውቁ ይገባል።

ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት አይጨነቅ። የሚቆረጠው ከገቢ ነው፤ አላህም በዚያው ሱራ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪገላገል እንዲታገሡት አዟል። ኃጢአቱ አግኝቶ መደበቅ ነው። በግል የሚነግድ ምሩቅ ደመወዙን የሚቆርጥለት የለምና ራሱ ሄዶ መክፈል አለበት። ብዙዎች የሚያስታውሱት ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ማስረጃ ሲጠየቁ ነው። ዲግሪ ባያስፈልጋቸው ኖሮ ዕዳው ይረሳ ነበር ማለት ነው? በከተማችን ምሩቅ የቀጠራችሁ ነጋዴዎችም፣ ከሠራተኛው የቆረጣችሁት ብር በእናንተ እጅ የሚያድር አደራ ነው። አስገቡት፤ ደረሰኙንም ስጡት።

ለባለሀብቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የልጅቷ መሄድ የሚሰናከለው ከዓመታት በኋላ በሚከፈለው ዕዳ ብቻ አይደለም። መጓጓዣ፣ ብርድ ልብስ፣ ደብተርና የመጀመሪያው ወር ወጪ አለ። ማሾው ገና ሳይሸጥ ምደባ የሚደርሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። ዘካህ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድሆችና ባለዕዳዎች አሉ፤ ከመስጊዱ ሰፈር የትኛዋ ልጅ ነጥብ መጥቶላት ተቀምጣ እንደቀረች ኢማሞቻችንን ጠይቁ።

ምደባ ደርሷችሁ የምትጓዙ ልጆች፣ ፎቶግራፋችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውን ከቅጂው ጋር ያዙ። ስማችሁ በመታወቂያውና በማስረጃው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ከመሄዳችሁ በፊት እዩ። ሰዒድና ሰይድ፣ ሙሐመድና መሐመድ እየተባለ የተለያየ ስም ሬጅስትራር ፊት ሲቀርብ ብዙ ያመላልሳልና፣ እዚሁ አጣዬ ሳላችሁ አስተካክሉት።