ሁለት አይሱዙ የማይሞላ ማዕድን



የምረቃ እንግዳ ስለ ትጋት እንዲመክር ይጠበቃል። ትጋቱን እናንተ የወረባቦ ሰዎች ታውቁታላችሁና እኔ ስለ ዩሪያ ላውራ። ማሳችሁ ላይ የምትበትኑት ዩሪያ መነሻው አሞኒያ፣ አሞኒያው ደግሞ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ነው። ዓለም ሃይድሮጅኑን በአብዛኛው የሚያወጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ውኃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ማውጣትም ይቻላል፤ ለ1 ኪሎ 9 ሊትር ውኃና 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግብፆች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አስዋን ላይ ማዳበሪያ የሠሩት እንዲህ ነው፤ ያውም በዓባይ ጉልበት። እኛ ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድቡን 5,150 ሜጋዋት የመረቅነው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ነው።

ውኃ ግን በዋዛ አይሰነጠቅም። ኤሌክትሪኩ እንዳይባክን፣ ሥራውን አቅልሎ ራሱ የማያልቅ ካታሊስት ያስፈልጋል። አሲድ ባለበት ማሽን ርካሽ ብረቶች ስለሚሟሙ ፕላቲነምና ኢሪዲየም ይገባሉ። ኢሪዲየም ከዓለም ማዕድን ማውጫ ሁሉ በዓመት የሚገኘው 10 ቶን አይሞላም፤ ሁለት አይሱዙ ይጭነዋል።

አልካሊ ባለበት ማሽን ኒኬል ይበቃል። ለብዙ ዓመታት ከውኃው ኦክሲጅኑን በማውጣት የተመሰገነውም እሱ ነበር። በፈረንጆቹ 1987 ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ፣ ከአልካሊው ፈሳሽ ጋር ሾልኮ የሚገባ ጥቂት ተራ ብረት ሥራውን እንደሚያፈጥነው አሳየ። በፈረንጆቹ 2014 የአሜሪካው ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈሳሹን ከብረት ቢያጠሩት ኒኬሉ ለብቻው ሰነፍ ሆኖ ተገኘ። ቆሻሻ የተባለው ብረት ነበር ባለሙያው! ዛሬ ሁለቱን ሆን ብለው ይቀይጧቸዋል።

አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከሩ። በፈረንጆቹ 2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሴሪየም ኦክሳይድን በተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀት አግለው፣ ቀዝቀዝ ሲል እንፋሎት አሳልፈውበት ሃይድሮጅን አወጡ። ሴሪየም በምድር ላይ የመዳብን ያህል አለ። ወደ ነዳጅ የተለወጠው የፀሐይ ጉልበት ግን 1 በመቶ አልሞላም፤ ይህም መነገር አለበት።

የቀረው ትልቁ ፈተና ዕድሜ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለቀናት የሚያምር ካታሊስት ፋብሪካ ገብቶ ለዓመታት መሥራት አለበት። እዚህ ላይ ኬሚስቱ ብቻውን አይዘልቅም፤ ብየዳው የሚያፈስ ማሽንን ኢሪዲየምም አያድነውም።

ስለዚህ ብየዳና ኤሌክትሪክ የተማራችሁ ልጆች፣ ይህን ሥራ የሌላ ሰው አድርጋችሁ አትዩት። መቀጠል ለምትፈልጉ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅርባችሁ ነው። ወላጆች፣ ኬሚስትሪ ልማር የሚላችሁን ልጅ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ አትመልሱ።