ፍሬኑን ከመፍታት በፊት፦ የተራራ ብስክሌት የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን ብልሽትን ስለ መመርመር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ አነስ ያለ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ከዚህ መድረክ ስለ ግድብና ስለ ተርባይን ሲነገር ሰምታችኋል። እኔ የያዝሁት በአንድ እጅ የሚነሣ ዕቃ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የተራራ ብስክሌት የፊት ፍሬን። የመረጥሁት በዚህ ፍሬን ላይ የፈጸምሁት ስሕተት ስላለ ነው። የፈሳሽ ምሕንድስና ለብዙ ዓመታት ካስተማርሁ በኋላ የመጣ ስሕተት በመሆኑ፣ ከማስታወሻ ደብተሬ ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዱ እሑድ እሑድ በእንጦጦ ቁልቁለት ብስክሌት ይነዳ ነበር። አንድ ቀን «መምህር፣ የፊት ፍሬኑ አልይዝ አለ፤ ደግሞም ይጮኻል» ብሎ ብስክሌቱን ወደ ቤተ ሙከራው ይዞልኝ መጣ። ማንሻውን አንድ ጊዜ ሳብሁትና ሁለተኛ ሳልሞክር «አየር ገብቶበታል» አልሁት። ፍሬኑን ከፍቼ አየር ለማስወጣት ደከምሁ፤ የጎደለውንም ፈሳሽ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በተገዛ የፍሬን ዘይት ሞላሁ። ጩኸቱ አልቀረም። ደግሜ ከፈትሁ፤ ደግሜ ሞላሁ። በሁለተኛው ሳምንት ያ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይዞ አልለቅ አለ፤ ልጁ ከመሪው በላይ ተወርውሮ ክንዱ ተሰበረ።

ምን እንደ ተፈጠረ ለመረዳት የፍሬኑን ውስጥ እንይ። ጣታችን ማንሻውን ሲስብ አንድ ትንሽ ፒስተን ፈሳሹን ይገፋል። ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ፈሳሽ ውስጥ ግፊቱ በየአቅጣጫው እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ከታች፣ ዲስኩን ግራና ቀኝ በሚያቅፈው ካሊፐር ውስጥ ያሉት ሰፋ ያሉ ፒስተኖች የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ በበለጠ ኃይል ይጫናሉ። የላይኛው ፒስተን ዲያሜትር 10 ሚሊሜትር፣ የታችኞቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 22 ሚሊሜትር ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ ሸራ ከላይኛው ፒስተን ኃይል ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ይደርሰዋል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ርቀት ነው። ሁለቱ ሸራዎች እያንዳንዳቸው 0.3 ሚሊሜትር እንዲጓዙ የላይኛው ፒስተን ወደ 3 ሚሊሜትር ይጓዛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ልጨምር። በዚሁ ፍሬን ውስጥ 0.2 ሚሊሊትር አየር፣ ማለትም አራት ጠብታ ያህል፣ ቢቀር፣ ግፊቱ አየሩን ሲያጨማድደው የላይኛው ፒስተን ተጨማሪ 2.5 ሚሊሜትር ያህል በከንቱ ይጓዛል። ያ ማለት ፍሬኑ ለመያዝ ከሚፈልገው ጉዞ ጋር የሚቀራረብ ጉዞ በአራት ጠብታ አየር ይበላል ማለት ነው። አየር ያለበት ማንሻ እንደ ስፖንጅ የሚለጠጠውና ወደ መሪው የሚጠጋው ስለዚህ ነው። ደጋግማችሁ ስትስቡት ከፍ ብሎ ይጠነክራል፤ ትንሽ ስታሳርፉት ይመለስበታል።

የዚያ ልጅ ማንሻ ግን አልተለጠጠም ነበር። ጠንካራ ነበር፤ በሚገባው ቦታ ላይም ይቆም ነበር። እጄ ይህን ነግሮኛል፤ እኔ አልሰማሁትም። ማንሻው ጠንካራ ሆኖ ብስክሌቱ የማይቆም ከሆነ፣ ግፊቱ ሸራው ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ በፈሳሹ ውስጥ ሊሆን አይችልም፤ ሸራውና ዲስኩ በሚነካኩበት ገጽ ላይ ነው። ጩኸቱም ይህንኑ ይመሰክራል። በኋላ እንዳረጋገጥሁት ልጁ ካቴናውን ዘይት ሲቀባ ፍንጣሪው ዲስኩ ላይ ደርሶ ነበር። መፍትሔው ዲስኩን በንጹሕ አልኮል መጥረግና ሸራውን መቀየር ብቻ ነበር። ዘይት የጠጣ ሸራን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ለማዳን የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ ግን በቁልቁለት ለሚነዳ ሰው አልመክረውም። ዲስክን በናፍጣ ማጠብም በየጋራዡ የማየው ልማድ ነው። ናፍጣ ራሱ የቅባት ሽፋን ትቶ ስለሚሄድ በሽታውን በበሽታ ማከም ነው። አዲስ ሸራ ሲገባም በመጠነኛ ፍጥነት እየነዱ፣ ፈጽሞ ሳይቆሙ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል፤ ሸራው በዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን እስኪያሳርፍ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም።

ማንሻው ሌሎች ነገሮችንም ይናገራል። ጠንካራ ሆኖ ግን ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነ መጀመሪያ የሸራውን ውፍረት ተመልከቱ፤ ሺማኖ ለምሳሌ የሸራው ግጭት የሚያደርገው ክፍል 0.5 ሚሊሜትር ሲደርስ እንዲቀየር ይመክራል። ጨብጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ፈሳሹ የሚያመልጥበት ቦታ አለ፤ ቱቦው በሚገጥምበት፣ በማንሻውና በካሊፐሩ ዙሪያ እርጥበት ፈልጉ። ብስክሌቱ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተገልብጦ ተጭኖ ከመጣ በኋላ ማንሻው ቢለሰልስ ደግሞ ለመፍታት አትቸኩሉ። በላይኛው ማጠራቀሚያ ውስጥ የነበረ አየር ወደ ሥራው መስመር ወርዶ ይሆናል። ብስክሌቱን ቀጥ አድርጋችሁ ማንሻውን በዝግታ ደጋግማችሁ ሳቡት፤ አንድ ሌሊትም አቁሙት። ብዙ ጊዜ አየሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱም ቁልፍ አይፈልግም። ሁሉም ከውጭ ናቸው፤ ቢሳሳቱም የሚያበላሹት ነገር የለም። እኔ የጀመርሁት ግን ከመጨረሻው፣ ሲከፈት ወደ ነበረበት ለመመለስ ከሚያስቸግረው ነበር። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ፈሳሽ ስለ ነበር ብልሽቱን በፈሳሹ ውስጥ ፈለግሁት።

ሁለተኛው ስሕተት የቃል ስሕተት ነው፤ ለሥነ ልሳን ባልደረቦቼም የሚሆን ነው። እኛ «የፍሬን ዘይት» የምንለው የመኪናው ፈሳሽ ዘይት አይደለም። በየጠርሙሱ ላይ «ዶት 3»፣ «ዶት 4» ወይም «ዶት 5.1» ተብሎ የሚጻፍበት ፈሳሽ በግላይኮል ኤተር ላይ የተመሠረተ ነው። «ዶት» የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስም ምሕጻር ነው። የሺማኖና የማጉራ የብስክሌት ፍሬኖች የሚሠሩት ግን በማዕድን ዘይት ነው፤ ይህኛው በእርግጥ ዘይት ነው። ስራም ለረጅም ጊዜ ዶት ሲጠቀም ቆይቶ አሁን አንዳንድ ሞዴሎቹን በማዕድን ዘይት ያወጣል፤ ስለዚህ የፋብሪካውን ስም ማወቅም አይበቃም። ሁለቱ ፈሳሾች የሚስማሟቸው ጎሚኒዎች የተለያዩ ናቸው፤ ቦታ ሲለዋወጡ ጎሚኒው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በቋንቋችን ግን ሁለቱም አንድ ስም አላቸው። ሱቅ ገብቼ «የፍሬን ዘይት» ስል ባለሱቁ አልዋሸኝም፤ የጠየቅሁትን ሰጠኝ።

ጎሚኒው ባበጠ ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው። በካሊፐሩ ፒስተን ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ማኅተም ብቻ አይደለም፤ ግፊት ሲመጣ ጠመም ብሎ፣ ግፊቱ ሲለቅ ቀጥ እያለ ፒስተኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ የሚመልሰው እሱ ነው። ሲያብጥ መመለሱን ይተዋል፤ ሸራው ዲስኩን እየላሰ ይሞቃል። ከላይም የዋናው ፒስተን ጎሚኒ ወደ ማጠራቀሚያው የምትወስደውን ጠባብ ቀዳዳ ይዘጋል። በሙቀት የሰፋው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ራሱ ሸራውን ይጫናል፤ ጭነቱ ሙቀት፣ ሙቀቱም ጭነት ይወልዳል። ልጁ ማንሻውን ሳይነካው ፍሬኑ ያዘ።

ስለ ሙቀት ካነሣሁ፣ በእኛ ደጋ የሚመጣ አንድ ነገር ልጥቀስ። ዶት ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ በመመዘኛው መሠረት የዶት 4 ፈሳሽ አዲስ ሳለ የሚፈላበት ዝቅተኛ ወሰን 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ 3.7 በመቶ ውሃ ሲኖርበት 155 ነው። የማዕድን ዘይት ውሃ አይጠጣም፤ የገባው ውሃ ግን ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ እሱም ከሁሉ የሚሞቀው ካሊፐር ነው። በእንጦጦ ከፍታ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደግሞም የሚፈላው ማንሻው በተጨበጠበት ጊዜ አይደለም፤ ያኔ ግፊቱ ያፍነዋል። የሚፈላው ነጂው ፍሬኑን ለቀቅ ሲያደርግ ነው። ከዚያ እንፋሎቱ ቦታ ይይዛል፤ በቀጣዩ መታጠፊያ ማንሻው መሪው ድረስ ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደኅና የነበረ ፍሬን በድንገት ባዶ ሆኖ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ደኅና የሚመለሰው በዚህ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተቁሞ ሲሞከር ምንም አይገኝበትም።

ልጁ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ሳለ ወደ ቢሮዬ መጣ። አልወቀሰኝም። ብስክሌቱን እያስደገፈ «መምህር፣ ይህን አይተውት ነበር?» አለኝ። በማንሻው ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ፣ ከጥፍር በማትበልጥ ቦታ፣ የማዕድን ዘይት ብቻ እንዲጨመር የሚያዝ ጽሑፍ ታትሞ ነበር። ሁለት ጊዜ ክዳኑን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘግቼዋለሁ፤ አላነበብሁትም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ፍሬን ያው ነው። ያበጡትን ጎሚኒዎች በሳሕኑ ላይ ከአዲሶቹ ጎን አስቀምጫቸዋለሁ። ከጥያቄዎቹ በፊት በየተራ ቅረቡና በጣታችሁ ዳስሷቸው፤ ክዳኑንም አንብቡ።