ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት እንዴት ይቅለላል?

(በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ለእናቶችና ለአባቶች የተደረገ ንግግር)



ተራችሁን እየጠበቃችሁ ሳላችሁ ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአብዛኛው ስለ ክኒንና ስለ መርፌ ሳይሆን ስለ ቤታችሁ ነው። እንደምታውቁት ከሕፃናት ጋር የሚውል ሰው ምን ሠርቶ እንደ ዋለ ሲጠየቅ መልስ ያጣል፤ ማታ ግን ወገቡ አይነሣም። እኔም የሦስት ልጆች እናት ስሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተወለዱት በአሥራ አምስት ወር ልዩነት ነው። አንዱን አዝዬ ሌላውን አቅፌ ወደ ሥራ የሄድኩበትን ጊዜ አልረሳውም። ነርስ ሆኜ ለሌላው «ከወለዳችሁ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆዩ» እያልኩ የራሴን ጉዳይ ሳልፈጽም ቀርቻለሁ። ስለሆነም የምነግራችሁ በትምህርት ያገኘሁትን ብቻ ሳይሆን ተሳስቼ የተማርኩትንም ነው።

ከጧቱ ሁካታ እንጀምር። አንዱ ካልሲ ይጠፋል፣ ጫማው አልጋ ሥር ይገባል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ታክሲ ያመልጣል። መፍትሔው ማታ ነው። ልጆች ሲተኙ የእያንዳንዱን የነገ ልብስ ካልሲው ሳይቀር በአንድ ትንሽ ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ በራስጌው አኑሩ። አሥር ደቂቃ አይወስድም። «ይህን አልለብስም» ብሎ ለሚያስቸግር ልጅ ደግሞ ትእዛዝ ከመስጠት ምርጫ መስጠት ይሻላል። «ቀዩን ሹራብ ነው ሰማያዊውን የምትለብሰው?» ስትሉት ስለ ሹራቡ ቀለም ያስባል እንጂ ስለ እምቢታው አያስብም። ሁልጊዜ አይሠራም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይሠራል።

ምግብ ማብሰልን በተመለከተ ፍሪጅ ያላችሁ እሑድ ቁሌቱን በርከት አድርጋችሁ ብታዘጋጁ በሥራ ቀን ምስር ወይም ሽሮ ጨምሮ ማውጣት ብቻ ይቀራል። ፍሪጅ የሌላችሁ ምስሩን ለቅማችሁ ብታሳድሩ እንኳ የጧቱ ሥራ ይቀላል። ቀሚሳችሁን ይዞ የሚጎትተውን የሦስት ዓመት ልጅ ከማባረር ይልቅ ጎመን እንዲቀነጥስ ስጡት። ግማሹን መሬት ላይ ይጥለዋል፤ ይሁን፣ ታጥቦ ይበላል።

ሌላው ጉዳይ የሕፃኑ ሳህን ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውኃም እንኳ ሳይጨመር፣ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቤት ሕፃኑ ከትልልቆቹ ጋር ወደ አንድ ትሪ ይቀርባል። እኔ ራሴ ከአንድ ትሪ መብላትን የምወድ ሰው ነኝ፤ የአንድ ዓመት ልጅ ግን ከእጀ ፈጣን ወንድሞቹ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ምን ያህል እንደ በላም አይታወቅም። ስለዚህ ለእርሱ የራሱ ሳህን ይኑረው። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም እንጂ የሚፈስ አይሁን፤ እንቁላል ወይም ትንሽ ዘይት ጨምሩበት። ቆሎና ኦቾሎኒን ግን ለትናንሽ ልጆች አትስጡ፤ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ትንፋሽ ይዘጋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። ሁለተኛው ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው በለስላሳ ጠርሙስ ተደርጎ አልጋ ሥር የተቀመጠ ነጭ ጋዝ አግኝቶ ጠጣ። ጠርሙሱን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ሥራ ላይ ነበርኩና ሲነገረኝ እየሮጥኩ ገባሁ። ጎረቤቶች ለመርዳት ተሰብስበው አንዷ ወተት ልታጠጣው፣ ሌላዋ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከትታ ልታስመልሰው ሲሉ ደረስኩ። ክፋት የለባቸውም፤ እናቶቻችን ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጋዝ የጠጣን ልጅ ማስመለስ አይገባም፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባልና። ወተትም ዘይትም አይሰጠውም። ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ የጠጣበትንም ዕቃ ይዞ መሄድ ነው። ልጄ ሳንባው ተጎድቶ አራት ቀን ተኝቶ ታከመ። ዛሬ ደህና ነው፤ እኔ ግን ያንን ጠርሙስ እስካሁን አስበዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴ አንድ ደንብ አለ። የማይጠጣ ነገር በመጠጥ ዕቃ አይቀመጥም። በየሱቁ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠው በረኪናም እንደዚሁ ነው። ጋዙ ክዳኑ በሚጠብቅ በራሱ ጀሪካን ሆኖ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ በረኪናው፣ የአይጥ መርዙና መድኃኒቱም በቁልፍ ወይም በቁም ሣጥን አናት ላይ ይሁን። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ጊዜ ተንበርከኩና ቤታችሁን በልጃችሁ ቁመት ሆናችሁ እዩት። እኔ ባደረግሁት ጊዜ የባለቤቴን ምላጭ፣ ሁለት አዝራርና የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አግኝቻለሁ።

ቡናችንም እንዲሁ ነው። ጀበናውና ከሰሉ መሬት ላይ ናቸው፤ እኛ ጨዋታ ይዘናል፤ ልጁ ይድሃል። ረከቦቱን በክፍሉ መሐል ከማድረግ ወደ ጥግ ወስዳችሁ ከፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር አጋድሙበት። ቡና የምታፈላው ሴት ልጅ ከታዘለች ወይም ካቀፈች ሌላ ሰው ይቀበላት። ልጅ ከተቃጠለ ቁስሉን ለሃያ ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፤ በረዶ ግን አይሁን። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እጅ መታጠብን በተመለከተ የቧንቧ ውኃ ባይኖርም ችግር የለም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ትንሽ ጀሪካን ከታች በምስማር ቀድታችሁ በልጅ ቁመት ስቀሉት፤ ክዳኑ ሲላላ ውኃው ይወርዳል፣ ሲጠብቅ ይቆማል። ሳሙናውን በአሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ አስራችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉት። ለልጆች ጨዋታ ስለሚመስላቸው «ታጠቡ» ብሎ መጮህ ይቀራል።

አባቶች፣ ዝም አላችሁ። «እረዳታለሁ» ማለት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ረዳት ሁልጊዜ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ማዘዙም ራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ከእነ ኃላፊነቱ ውሰዱ። በኛ ቤት የማታው ገላ መታጠብና ማስተኛት የባለቤቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን በቀዝቃዛ ውኃ አጥቦ ሰፈሩን አስጮኸብን፤ አሁን ግን ልጆቹ ያለ እርሱ ተረት አይተኙም። ሥርዓቱ በየማታው ያው ነው፤ መታጠብ፣ እራት፣ ተረት፣ መብራት ማጥፋት። ቅደም ተከተሉ ካልተለወጠ ልጁ ራሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ክርክሩ ይቀንሳል።

ትዕግሥት የሚያልቅበት ሰዓትም አለ። ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ እምቢ ሲል፣ ቁጣችሁም ሲመጣ፣ አደጋ በሌለበት ቦታ አስተኝታችሁት ለጥቂት ደቂቃ በር ላይ ወጥታችሁ ተንፍሱ። ሕፃንን በንዴት መነቅነቅ አንጎሉን ይጎዳዋል። ጎረቤት መጥራት አያሳፍርም።

በመጨረሻም ስለ ካርዶቻችሁ። የልጁን የክትባት ካርድና የእናንተን የቀጠሮ ካርድ በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ በምስማር ስቀሉት። ክትባት በተወለደ ጊዜ ይጀመርና በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ይቀጥላል። የሦስት ወር መርፌ የምትወስዱ እናቶች ቀጠሯችሁን ከቤታችሁ ካላንደር ላይ ዛሬውኑ አክብቡት፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈላችሁ በኛ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ስሕተት ሳምንት አሳልፈው የሚመጡ አሉ። ክኒን የምትወስዱም ከጥርስ ብሩሻችሁ ጋር ብታስቀምጡት ሰዓቱን አትረሱም። ብሩሹም ክኒኑም ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።

የካርድ ክፍሉ ተከፍቷል። ከ1 እስከ 10 ቁጥር የያዛችሁ በቀኝ በኩል ግቡ። ሕፃን የያዛችሁ ቁጥራችሁ ባይደርስም ቅደሙ። በጋዝ ወይም በቃጠሎ ነገር መጠየቅ የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ ስድስት ሰዓት እዚሁ አለሁ።