የሰው ምሥጢር አደራ ነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው አርእስት የሰው የግል ምሥጢር አጠባበቅ ነው። ምናልባት «ይህ የባንክና የመሥሪያ ቤት ጉዳይ እንጂ የተማሪ ጉዳይ ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንድ ልጅ ትምህርት ቤት በሚመዘገብበት ቀን ስሙን፥ የልደት ቀኑን፥ የወላጆቹን ስልክና መኖሪያ፥ ሕመም ቢኖርበት ሕመሙን ጭምር ያስመዘግባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእርሱ ነገር በሌላ ሰው እጅ ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ለገንዘብና ለከብት ብቻ አይደለም።

የምሥጢር መውጣት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በኮምፒዩተር ጥበብ የተራቀቀ ሌባን ነው። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 በእንግሊዝ አገር የግብር መሥሪያ ቤቱ ልጅ ላላቸው ቤተ ሰቦች የሚከፈለውን አበል መዝገብ በ2 ዲስኮች ገልብጦ ለሒሳብ መርማሪዎች በተራ ፖስታ ላከ። ዲስኮቹ መንገድ ላይ ጠፉ። በውስጣቸው የ25 ሚሊዮን ሰዎች ስም፥ አድራሻ፥ የልደት ቀንና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነበረ። የሚያስገርመው፥ መርማሪዎቹ የባንክ ቁጥሩ እንዲቀነስ አስቀድመው ጠይቀው ነበር፤ ዳሩ ግን መቀነሱ ወጪ አለው ተብሎ መዝገቡ እንዳለ ተላከ። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኀላፊም ነገሩ ለሕዝብ በተገለጠበት ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሌባ የለም፤ ያለው ቸልተኝነት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከፋል። በፊንላንድ አገር የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸውን ሰዎች የሚያክም አንድ ድርጅት ነበር። የበሽተኞቹን መዝገብ በሚገባ ሳይቆልፍ በመተዉ ወንበዴ ገብቶ ሰረቀው። በ2020 ሌባው በመጀመሪያ ድርጅቱን፥ ቀጥሎም በሽተኞቹን አንድ በአንድ እየጻፈ «ገንዘብ ካልከፈላችሁ ለሐኪም የነገራችሁትን እገልጣለሁ» እያለ አስፈራራቸው። ጉዳቱ የደረሰባቸው ሰዎች ወደ 33,000 ይጠጋሉ። ድርጅቱ በ2021 ከሰረ፤ ሌባውም በ2024 ተፈረደበት። ነገር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና የወጣውን ምሥጢር የሚመልስ ፍርድ የለም። የጠፋ ገንዘብ ይተካል፤ የተለወጠ ቁልፍም ሌባን ያግዳል። የጣት አሻራና የዓይን ምስል ግን አንድ ጊዜ ከተሰረቁ በሌላ አይለወጡም። በአገራችን ለፋይዳ መታወቂያ አሻራችንን በምንሰጥበት በዚህ ዘመን ይህን ማሰብ ይገባል።

ታዲያ የሰውን ምሥጢር የያዘ ድርጅት ምን ማድረግ አለበት? አንደኛ፥ ለሥራው የማያስፈልገውን ከመጀመሪያው አይጠይቅ፤ ያልተጻፈ አይሰረቅምና። ሁለተኛ፥ መዝገቡን ሥራው የሚያስገድደው ሰው ብቻ ይክፈተው፤ ማን መቼ እንደከፈተውም ይመዝገብ። ሦስተኛ፥ በኮምፒዩተር ያለውን ሌላ ሰው ቢያገኘው እንኳ እንዳያነበው በምሥጢር ጽሕፈት ይቆልፍ። አራተኛ፥ ጊዜው ያለፈበትን ያስወግድ። አምስተኛ፥ ጥፋት ሲደርስ አይሸሽግ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፥ አደጋ የሚያስከትል ጥፋት የደረሰበት ድርጅት በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማስታወቅ አለበት።

የእኛም አገር ያለ ሕግ አልተቀመጠችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ እንዳይታይ ከልክሏል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ሲኖር እንደተዘጋ ሣጥን ነው፤ የሚከፍተው የሰዎች ልማድ ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ትምህርት ቤታችንን በትሕትና የምንለምነው ነገር አለ። የፈተና ውጤት በስም ተዘርዝሮ በሰሌዳም ሆነ በቴሌግራም አይለጠፍ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ይወቅ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ልጅ የሚያስፈልገው የመምህሩ ምክር እንጂ የሰፈሩ ሐሜት አይደለም። ክፍያ ያልከፈለ ወላጅም በልጁ ጓደኞች ፊት አይጠራ። የሕመም መዝገብም ተቆልፎ ይቀመጥ።

ከትምህርት ቤቱ ይህን የምንለምን እኛም ባዶ እጃችንን አንቆምም። የጓደኛችንን ፎቶግራፍ ሳናስፈቅድ ላንበትን፥ የነገረንን ላንገልጥ፥ የስልኩን መክፈቻ ላንሰርቅ ቃል እንገባለን። ዛሬ የጓደኛውን ምሥጢር መጠበቅ የለመደ ተማሪ ነገ ሐኪም፥ የባንክ ጸሐፊ ወይም የመዝገብ ቤት ሹም በሆነ ጊዜ የሕዝብን ምሥጢር ለመጠበቅ አይቸግረውም።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!