ከርእስ ወደ ጥያቄ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚዘጋጅ ተማሪ ወደ አማካሪው ቢሮ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ስለ ቢልሃርዝያ ላጠና አስቤአለሁ» ይላል። በርእስና በጥያቄ መካከል ያለውን ርቀት የእንዶድ ታሪክ ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ታሪኩ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ዕድል ነው ይባላል። ሆኖም ያን ወንዝ ስንቱ ተሻግሮታል! እርሳቸው ግን በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በሕይወት ሳሉ ወስደው የእንዶዱ አረፋ እንዲነካቸው አደረጉ፤ ሞቱ።

ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። ምን ያህል እንዶድ፣ ለስንት ሰዓት? ዓሣውንስ ይገድላል? (ይገድላል።) ከሁሉም የከበደው ግን የቀንድ አውጣው መሞት ሰውን ከበሽታው ይጠብቃል ወይ የሚለው ነበር። ትሉ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ ቀድሞ የተያዘውን ጎልማሳ ብቻ የሚመረምር ሰው ወንዙ ቢጸዳም ቶሎ ለውጥ አያይም። በአዲስ የሚያዝ ሰው መቀነሱ የሚታወቀው በሕፃናት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተካሄደው ሙከራም ቅናሹ ጎልቶ የታየው በትንንሾቹ ልጆች ነበር። ማንን መቁጠር እንደሚገባ አስቀድሞ ያላሰበ አጥኚ አምስት ዓመት ደክሞ ባዶ እጁን በተመለሰ ነበር።

ይህን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ወንዝ ቀንድ አውጣዎችን በየወሩ ለመቁጠር አቀድሁ። ዕቅዴ ክረምትን አላሰበም፤ በሐምሌ ጎርፉ ቀንድ አውጣዎቹንም፣ ለምልክት የተከልኋቸውን ችካሎችም ጠርጎ ወሰደ። አማካሪዬ መዝገቤን አገላብጠው «ልጄ፣ ምን ብታገኝ ኖሮ ተሳስቻለሁ ትል ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከጎርፉ ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ ነው። እንደገና ጀመርሁ፤ አንድ ዓመት ሄደ።

ስለ ስታትስቲክስ ሌሎች በሚገባ ስለ ተናገሩ አልደግመውም። እኔ ዛሬ ተማሪዎቼ ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት የውጤታቸውን ሰንጠረዥ ባዶውን ሠርተው እንዲያመጡልኝ እጠይቃለሁ። በየሣጥኑ ምን ቁጥር ቢገባ መላ ምታቸው እንደሚወድቅም በጎኑ ይጽፋሉ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ሰንጠረዡን መሥራት ያቅታቸዋል፤ እኔም የመስክ መኪናውን ፈቃድ እስከዚያ አልፈርምም።